ድንጋዩን ለዓለም ከማሳየታችን በፊት ጨው ቈራጩን እንጠይቅ

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በግቢያችን ውስጥ አንድ አዲስ ቃል ሲነገር ይሰማል፤ እርሱም «ጂኦፓርክ» የሚለው ነው። የመሬት ሳይንስ ተማሪዎች በኩራት ያነሡታል፤ የቱሪዝም ተማሪዎች በተስፋ ያነሡታል፤ እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ግን እንደ ልማዳችን ትርጉሙን ሳንጠይቅ ወይ እናጨበጭብለታለን፤ ወይ እንሥቅበታለን። ማጨብጨቡም መሣቁም ያለ ዕውቀት ከሆነ ዋጋ የለውምና ነገሩን ከሥሩ እንድንመለከተው ይህን አስተያየቴን ለመጽሔታችን አንባቢዎች ማቅረብ ወደድሁ።

አሳቤን ከመጀመሪያው በግልጥ ልናገር። ጂኦፓርክ ለአገራችን፤ በተለይም ለዳናኪል ዝቅተኛ ምድር፤ የሚጠቅም አሳብ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የሚጠቅመን ከታች ወደ ላይ የተሠራ እንደ ሆነ ብቻ ነው። የምስክር ወረቀቱ ቀድሞ የአገሬው ሰው ከኋላ የሚከተል ከሆነ፤ ጂኦፓርክ የተባለው ነገር ስሙን የለወጠ አሮጌ አጥር ከመሆን አያልፍም።

ለመሆኑ ጂኦፓርክ ምንድን ነው? ባጭሩ ሲነገር፤ የምድርን አፈጣጠር የሚመሰክሩ፤ ዋጋቸው ለአንድ አገር ብቻ ሳይሆን ለዓለም ሁሉ የሆነ አለቶች፤ ተራሮች፤ ዋሻዎች ወይም እሳተ ገሞራዎች የሚገኙበት፤ ወሰኑ የታወቀ፤ ሰዎችም የሚኖሩበትና የሚሠሩበት ምድር ነው። ከዚህ ትርጉም ውስጥ ብዙ ሰው ዘሎ የሚያልፈው የመጨረሻውን ሐረግ ነው። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የአገሬው ሰው ብዙ ጊዜ እንደ እንግዳ፤ አንዳንድ ጊዜም እንደ ሌባ ይቈጠራል። በጂኦፓርክ ውስጥ ግን ገበሬው፤ ከብት አርቢውና ነጋዴው የቤቱ ባለቤቶች ናቸው፤ ቢያንስ ደንቡ እንዲህ ይላል።

አሳቡ የተወለደው በአውሮፓ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በዚሁ አቈጣጠር ነው) ከብዙ አገሮች የመጡ የመሬት ሳይንስ ሊቃውንት በደቡብ ፈረንሳይ በዲኝ ከተማ ተሰብስበው ስለ ምድር ትዝታ መብት አንድ መግለጫ አወጡ። በ2000 ደግሞ ከፈረንሳይ፤ ከግሪክ፤ ከጀርመንና ከስፔን የተውጣጡ አራት የገጠር አውራጃዎች አንድ ማኅበር መሠረቱ። እነዚህ ባለጠጋ አውራጃዎች አልነበሩም፤ ሥራ ጠፍቶ ወጣቱ ወደ ከተማ የሚፈልስባቸው ነበሩ እንጂ። በእጃቸው የቀረው ሀብት ድንጋያቸው ስለ ነበረ፤ ድንጋዩን ሳይሸጡ ከድንጋዩ የሚኖሩበትን መንገድ ፈለጉ። ዩኔስኮ በ2015 ይህን ሥራ የራሱ አድርጎ ተቀበለው። በ2025 አሥራ ስድስት አዳዲሶች ሲጨመሩ የጂኦፓርኮቹ ቍጥር በ50 አገሮች ውስጥ 229 ደረሰ። ከእነዚህም 49ኙ በቻይና ይገኙ ነበር። የአፍሪካ ድርሻ ግን ሁለት ብቻ ነበር፦ በሞሮኮ የአትላስ ተራሮች ውስጥ ያለው ምጉን (2014) እና የታንዛንያው ንጎሮንጎሮ ሌንጋይ (2018)። የስምጥ ሸለቆ አገር ነን እያልን የምንኰራው እኛ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበርንም።

ይህን ያነበበ ተማሪ ወዲያው ምን እንደሚል አውቃለሁ። «እንግዲያውስ እኛም በቶሎ እናመልክት!» ይላል። ቈይ፤ ወንድሜ፤ አስቀድመን ደንቡን እናንብብ።

አመልካቹ ማመልከቻውን ከማቅረቡ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በተግባር እንደ ጂኦፓርክ ሆኖ ሲሠራ መገኘት አለበት። በሕግ የታወቀ አስተዳዳሪ አካልና የሥራ ፕላን ሊኖረው ይገባል። የአካባቢው ሕዝብ ከአሳቡ መጀመሪያ አንሥቶ የሥራው ተካፋይ መሆን አለበት። ጂኦፓርኩ ራሱ ቅሪተ አካልና የማዕድን ድንጋይ በመሸጥ ሥራ ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላም ስሙ የሚሰጠው ለዘለዓለም ሳይሆን ለአራት ዓመት ነው። አራቱ ዓመት ሲያልቅ መርማሪዎች ይመጣሉ፤ ሥራው መልካም ከሆነ አረንጓዴ ካርድ፤ ጕድለት ካለበት በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲያቃና ቢጫ ካርድ፤ ካላቃና ቀይ ካርድ ይሰጠዋል። ከእግር ኳስ ሜዳ እንደምናውቀው ቀይ ካርድ ያየ ይወጣል።

ሌላም ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ጂኦፓርክ መባል በራሱ የክልከላ ሕግ አይደለም። ዋና ዋናዎቹ የድንጋይ ቅርሶች በአገሩ ሕግ አስቀድመው የተጠበቁ መሆን አለባቸው፤ ከዚያ በቀር ግን ሕግን የተከተለ እርሻ፤ ግጦሽ፤ ንግድም ሆነ የማዕድን ሥራ፤ ቦታው ጂኦፓርክ በመባሉ ብቻ አይቆምም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ ስለ ጨው ስንነጋገር ያስፈልገናል።

ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከአራቱ መሥራቾች አንዷን፤ የግሪክን ደሴት ሌስቮስን፤ ብንመለከት ይበቃል። በዚያች ደሴት ምዕራባዊ ክፍል 20 ሚሊዮን ዓመት ያህል አስቀድሞ በእሳተ ገሞራ አመድ ተቀብሮ ወደ ድንጋይ የተለወጠ ደን አለ። መንግሥት በ1985 ደኑ እንዲጠበቅ ወሰነ፤ በ1994 ሲግሪ በምትባል ትንሽ መንደር ሙዚየም ተቋቋመ። በደሴቲቱ ያሉ የሴቶች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚያዘጋጁትን ምግብና ጣፋጭ ለእንግዳው ይሸጣሉ። የአሠራሩ ምሥጢር ይኸው ነው፦ እንግዳው ድንጋዩን አይቶ ምሳውን ከአገሬው እጅ ይበላል። አገሬውም ድንጋዩ ሲሰበር ምሳው እንደሚቀርበት ስለሚያውቅ ድንጋዩን ይጠብቃል። ጥበቃ፤ ቱሪዝምና የአካባቢ ልማት የሚባሉት ሦስት ቃሎች በአንድ ገመድ የሚታሰሩት በዚህ ነው። ገመዱ ከተቈረጠ ሦስቱም የመሥሪያ ቤት ቃሎች ብቻ ይሆናሉ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በአፋር ምድር የኑቢያ፤ የሶማሌና የዐረብ የምድር ንጣፎች እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። በ2005 በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንቶች ውስጥ ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁም በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፋ። ሌላው ዓለም በመጽሐፍ የሚማረውን እዚያ በእግር ይሄዱበታል። ኤርታ አሌ፤ በአፋርኛ «የሚጤስ ተራራ»፤ በዚያ አለ። ዳሎልም ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ቢጫና አረንጓዴ ውኃውን እያፈላ በዚያ አለ። ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልክ የዳሎል የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሆኖ ተመዝግቧል። ከጥንት የቀይ ባሕር ውኃ እየገባ ሲደርቅ የተወው ጨው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት አለው። አያቶቻችን በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዝሩት የነበረው አሞሌ የተቈረጠው ከዚህ ነው።

ይህን ሀብት የፈለጉት እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ኢጣልያኖች በ1918 ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ተነሥተው ለዳሎል 28 ኪሎ ሜትር እስኪቀር ድረስ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ፖታሽ አጋዙ። በ1960ዎቹ አሜሪካኖች መጥተው ፍለጋውን ቀጠሉ። ሁሉም ሄዱ፤ ከእነርሱ የቀረው በጨው ጡብ የተሠራ የቤት ፍራሽና የዛገ ብረት ነው። ጨው ቈራጩ ግን አሁንም አለ።

ከሁለት ዓመት በፊት በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ለአንድ የአገር ጐብኚዎች ቡድን አስተርጓሚ ሆኜ ከሰመራ ወደዚያ ወረድሁ። የወሰደንን ድርጅት ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ከሌሎቹ የከፋ አልነበረምና። በመኪኖቹ ላይ የተጫነውን ግን ቈጥሬዋለሁ፦ የታሸገ ውኃ፤ ፓስታ፤ ቲማቲም፤ ዳቦ፤ ፍራሽ፤ የማብሰያ ጋዝ፤ ከከተማ የመጣ ወጥ ቤት፤ ከከተማ የመጣ አስጐብኚ፤ ከከተማ የመጣ አስተርጓሚ። አስተርጓሚ የተባልሁት እኔ ከአፋርኛ አንዲት ቃል አላውቅም ነበር። በሐመድ ኢላ መንደር ሜዳ ላይ አደርን። ከመንደሩ ሰዎች የተከራየነው የገመድ አልጋ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ጨዉ ሜዳ ሄድን። አንዳንዶቹ ሠራተኞች በረጅም እንጨት የጨዉን ቅርፊት ይፈነቅላሉ፤ ሌሎቹ ተቀምጠው በትንሽ መጥረቢያ እያስተካከሉ ይጠርባሉ፤ ግመሎቹ በርቀት ተንበርክከው ይጠብቃሉ። ጐብኚዎቹ ፎቶግራፍ ሲያነሡ፤ ሽበት የጀመራቸው አንድ ጨው ቈራጭ መጥረቢያቸውን አስቀምጠው አማርኛ በሚያውቅ የመንደሩ ወጣት አፍ ጠየቁኝ።

«እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ?»

«ከጀርመንና ከጃፓን ነው፤ አባባ።»

«ምን ሊያዩ?»

«ይህን ምድር ነው። ጨዉን፤ እሳቱን፤ የውኃውን ቀለም።»

«ለማየት ይከፍላሉ?»

«አዎን፤ ብዙ ይከፍላሉ።»

«ለማን?»

ሰውዬው አልተቈጡም፤ አላፌዙምም። ነጋዴ የገበያ ዋጋ እንደሚጠይቅ ነው የጠየቁኝ። እኔ ግን መልስ አጣሁ። ለድርጅቱ? ለመኪና ኪራይ? ለመግቢያ ፈቃድ? ለእኔ አበል? ሁሉም እውነት ነበር፤ ነገር ግን ለእርሳቸው መልስ የሚሆን አልነበረም። ዝም ብል ጊዜ መጥረቢያቸውን አንሥተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ዳሎል ላይ ሌላ ነገር አየሁ። እንደ እንቍላል ቅርፊት የሳሳው የጨው ቅርጽ በጫማ ሲረገጥ ይሰበራል። ከጐብኚዎቹ አንዳንዶቹ ቍራጩን አንሥተው በኪሳቸው ከተቱ። «ተው» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። አብረውን የነበሩት ጠባቂዎች የሰዉን ደኅንነት እንዲጠብቁ እንጂ ድንጋዩን እንዲጠብቁ አልታዘዙም። አስጐብኚው ደንበኞቹን ማስቀየም አልፈለገም። እኔም ዝም አልሁ። ያን ጊዜ የጠዋቱ ጥያቄና የከሰዓቱ ጫማ አንድ ነገር መሆናቸው ገባኝ። ድንጋዩ ሲሰበር የሚጐዳ ሰው በቦታው ስላልነበረ ድንጋዩ ተሰበረ። የሚጐዳውማ ሰው በሜዳው ላይ ነበር፤ ግን ጕዳቱ የእርሱ እንዳይሆን ጥቅሙን ነሥተነዋል።

ለዚህ ነው ስለ ጂኦፓርክ ስናስብ ከድንጋዩ ሳይሆን ከሰውዬው መጀመር አለብን የምለው። በአገራችን የጥበቃ ታሪክ የተጀመረው ግን ከሌላው ጫፍ ነው። የአዋሽ ፓርክ በ1966 ሲቋቋም የከረዩና የአፋር ከብት አርቢዎች የግጦሽና የውኃ ቦታቸውን አጡ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት መካከል ተጻፈ፤ ከዚያም መዝገብ በ2017 ተሰረዘ። ከመሰረዙ አንድ ዓመት በፊት ግን በተራራው ላይ ገብስ እየዘሩ የኖሩት የግጭ መንደር ሰዎች፤ ከ400 በላይ ቤተሰብ፤ ወደ ደባርቅ እንዲወርዱ ተደርጓል። የፈረንሳዩ የታሪክ ጸሐፊ ጊዮም ብላን በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር አንሥቶ፤ አውሮፓውያን በአገራቸው ገበሬውን ከተራራው ጋር አብረው ሲጠብቁ በአፍሪካ ግን ተራራውን ከገበሬው መጠበቅ ለምን አስፈለገ ብሎ ይከራከራል። ዋልያው መጠበቅ አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው የጥበቃው ዋጋ ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ኪስ ብቻ፤ ያውም ከደኻው ኪስ፤ መከፈሉን ነው።

«ጂኦፓርክ እንዲህ አያደርግም፤ ደንቡ ሕዝቡን ያካትታል ብለህ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ደንቡስ ይላል። ግን የታንዛንያውን እንመልከት። በ1959 ከሰረንጌቲ የወጡት ማሳዮች በንጎሮንጎሮ ከነከብቶቻቸው እንዲኖሩ ተፈቅዶላቸው ነበር። ቦታው በ1979 የዓለም ቅርስ፤ በ2018 ደግሞ የዓለም ጂኦፓርክ ተባለ። ከ2022 ጀምሮ ግን መንግሥቱ ማሳዮቹን ሩቅ ወደ ሆነው ወደ ሃንደኒ ወረዳ፤ ምሶሜራ ወደሚባል ቦታ፤ ማዛወር ያዘ። መንግሥቱ በፈቃዳቸው ነው ይላል፤ ብዙ ማሳዮችና የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ግን የጤናና የትምህርት አገልግሎቱ እንዲዳከም ተደርጎ ተገፍተው ነው ይላሉ። ዳኝነቱን ለአንባቢ ልተወው። እኔ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ የጂኦፓርክ ስም በበሩ ላይ መሰቀሉ ከበሩ ውስጥ ያለውን ሰው አላዳነውም። ስም አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሰዎቹ ራሳቸው በውሳኔው ወንበር ላይ መቀመጣቸው ነው።

አንድ የዶርሚቴሪ ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብቦ፤ «ሕዝቡ ንጹሕ ውኃና ክሊኒክ አጥቶ እያለ አንተ ስለ ድንጋይ ትጽፋለህ፤ ይህ የከተሜ ቅንጦት ነው» አለኝ። ነገሩ ከልብ የመጣ ስለ ሆነ መልስ ይገባዋል። ውኃና ክሊኒክ የመንግሥት ዕዳ ነው፤ ጀርመናዊ ጐብኚ እስኪመጣ ድረስ ሊጠብቅ አይገባውም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ጐብኚው ጂኦፓርክ ኖረም አልኖረም እየመጣ ነው፤ ገንዘቡም እየተከፈለ ነው። ጥያቄው ቅንጦት ይኑር አይኑር ሳይሆን ያ ገንዘብ በመንደሩ ላይ አልፎ ይሂድ ወይስ በመንደሩ ይደር የሚል ነው። ድንጋዩን ንቀን ብንተወው፤ ንቀታችን ለጨው ቈራጩ ውኃ አያወጣለትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የጠነከረ ነው። «ቱሪዝም እንደ ነፋስ ነው፤ ዛሬ ይነፍሳል፤ ነገ ይቆማል» ይላል። እውነት ነው። በ2012 በኤርታ አሌ አምስት የውጭ አገር ጐብኚዎች በተገደሉ ጊዜ ነፋሱ ቆሞ ነበር። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ጊዜ ቆሞ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርታ አሌ ብዙ የማይርቀው የሀይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱ የመንንና ኦማንን አልፎ እስከ ሕንድ ድረስ ሄደ። የአየር መንገዶች ጕዞ ሲታወክ ዓለም ሁሉ ሰማ፤ አመዱ በአፍዴራ አካባቢ ግጦሽ ላይ መውረዱን ግን ስንቱ ጠየቀ?

ስለዚህ አንድ ሰው ለአፋሮች «ጨዉን ተዉት፤ ከጐብኚ ኑሩ» ቢላቸው ክፉ መካሪ ነው። ቱሪዝም በጨዉ ላይ የሚጨመር እንጂ በጨዉ ቦታ የሚተካ መሆን የለበትም። ያዙልኝ ያልኋችሁ ነጥብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጂኦፓርክ ሕጋዊ ሥራን በስሙ ብቻ ስለማይከለክል፤ ጨው መቍረጡና የግመል ጭነቱ ሊቀጥል ይችላል። እንዲያውም እንግዳው ሊማረው የሚገባው ትልቁ ነገር እርሱ ነው፤ ምድር እንዴት ጨው እንደ ሠራችና ሰው በጨዉ እንዴት እንደ ኖረ። ነገ የፖታሽ ኩባንያ ተመልሶ ቢመጣም የምንጠይቀው ያው አንዱ ጥያቄ ነው፦ ለማን?

የምድሩ ሕያውነት ሌላም ግዴታ ይጨምራል። ጂኦፓርኮች ስለ እሳተ ገሞራና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ አደጋ ለሕዝቡ ማስተማር ከሥራቸው አንዱ ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሰው ከቤቱ ወጥቷል። አፋሮች ደግሞ ዳጉ የሚባል የወሬ ሥርዐት አላቸው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ቈም ብለው ሳይለዋወጡ አይተላለፉም። በመሣሪያ የሚለካውን የሳይንስ ወሬ ከዳጉ ጋር ማገናኘት፤ በከተማ ቋንቋ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ በግድግዳ ላይ ከመለጠፍ ይሻላል። ይህ ለጐብኚ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ለነዋሪው ሕይወት ነው። ጂኦፓርክ ይህን ብቻ እንኳ ቢያደርግልን ድካሙ ከንቱ አይሆንም።

እንግዲህ ትችት ብቻ ጽፎ መሄድ የተማሪ ክፉ ልማድ ነው ስለሚባል፤ መሆን አለበት የምለውን ባጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፤ ማንም ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት ጨው ቈራጮች፤ ባለግመሎች፤ የጐሣ ሽማግሌዎችና ሴቶች ድምፅ ያላቸው ጉባኤ ይቋቋም። «ለማማከር» ተብሎ ሻይ ጠጥቶ የሚበተን ስብሰባ አይደለም፤ አይሆንም ሲል የሚሰማ ጉባኤ እንጂ።

ሁለተኛ፤ ከእያንዳንዱ ጐብኚ የሚገባው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነና ለምን ሥራ እንደ ዋለ በአፋርኛም በአማርኛም ተጽፎ በመንደሩ ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችለውም በዳጉ ይነገር። የተደበቀ ሒሳብ ካለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ሦስተኛ፤ ወደ ዳሎል የሚወስደው መንገድ በምልክት ይከለል፤ እንግዳውንም የሚመራው የአካባቢው ልጅ ይሁን። ቅርፊቱ ሲሰበር «ተው» የማለት ሥልጣን ይሰጠው። ምግቡ፤ ወተቱ፤ ምንጣፉ ከመንደሩ ሴቶች ይገዛ። ከከተማ የሚመጣው በመንደሩ የማይገኘው ብቻ ይሁን።

አራተኛ፤ እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት፤ ቢያስፈልግም ሦስት ዓመት፤ ይሠራ። ከዚያ በኋላ ማመልከቻው ይጻፍ። የዓለሙ ደንብ ራሱ ሥራው ከስሙ እንዲቀድም ያዝዛልና እኛ ከደንቡ በላይ የምንቸኵልበት ምክንያት የለም። ማመልከቻው ተቀባይነት ባያገኝ እንኳ ሥራው ለሕዝቡ ይቀራል። ስሙ ቀድሞ ቢመጣና ሥራው ባይኖር ግን በአራት ዓመቱ ካርዱን እናየዋለን።

ወደ እኛ ልመለስ። ይህ የመሬት ሳይንስ ፋኩልቲ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል የአርትስ ተማሪ ተሳስቷል። ድንጋዩን የሚያነቡት እነርሱ ናቸው፤ ድንጋዩ በአፋርኛ ማን እንደሚባል፤ ስለ እርሱ ምን እንደሚተረክ፤ የጨዉ መንገድ በየት በየት እንዳለፈ መጻፍ ግን የቋንቋና የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ኰረብታ ስም አለው፤ ስሙም ትርጉም አለው። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ስሙ አብሮ ያልፋል። በ1964 የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በተጀመረ ጊዜ ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ በገጠር እያገለገሉ አገራቸውን በእግራቸው ተማሩ። ያ ሥርዐት ቀርቷል፤ የዕረፍት ወራት ግን አልቀሩም። አፋርኛ ተምረን ብንወርድ ከመጻሕፍት ቤቱ የማናገኘውን እናገኛለን። እኔ አስተርጓሚ ተብዬ በሄድሁ ጊዜ ያፈርሁትን ዕፍረት ሌላው እንዳያፍር እመክራለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በአገራችን ስለ ልማት ብዙ ይጻፋል። የሚጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ ስንት ጐብኚ እንደሚመጣ፤ ስንት ዶላር እንደሚገባ ነው። እኔ በዚያ በጨው ሜዳ ላይ ከዚህ ሁሉ የቀደመ ጥያቄ ሰምቻለሁ። ጥያቄው አንድ ቃል ነው፤ ሚኒስትርም፤ ፕሮፌሰርም፤ ተማሪም ሊመልሰው ይገባል። ሰውዬው አሁንም ጨው እየቈረጡ እንደ ሆነ እገምታለሁ። ተመልሼ ብሄድና ያንኑ ቢጠይቁኝ፤ «ለእርስዎም ጭምር፤ አባባ፤ ሒሳቡ ይኸውና» ብዬ ለመመለስ እፈልጋለሁ። ይህን ማለት የምንችልበት ቀን ሲደርስ፤ የዩኔስኮ ወረቀት ቢመጣም ባይመጣም ዳናኪል ጂኦፓርክ ሆኗል እላለሁ።

ከአርትስ ፋኩልቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ